ስሙ ሲጠራ

ከገዳሪፍ ወደ ጋላባት በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ የተቀመጠችው ሴት አጠገቧ ያለውን ገበሬ ታዋራዋለች።

«ጋሼ፣ የመንግሥትን ድጎማ አገኛችሁ?»

«የሰሊጥ ዘር ሰጡን። መሬቱ በወንድሜ ስም ስለሆነ የተጠራው እሱ ነው።»

«ታዲያ እሱ ወሰደ?»

«እሱማ አምና ክረምት ሞተ። እዚሁ ሱዳን፣ ቁረይሻ ከተማ ነው የቀበርነው። ስሙ ሲጠራ እኔ አቤት አልኩ።»

«እግዜር ያጥናዎ። ምን ያርጉ፣ መሬቱ ጦም አይደር።»

«እሱስ ባልከፋ ነበር። ስሙን እንጂ መልኩን የማያውቅ የመተማ ነጋዴ እዚያ ቆሞ ሰምቶ ኖሯል። አገር ቤት ሲገባ ለእናታችን ‹ልጅሽ ደህና ነው፣ ዘር ሲቀበል አየሁት› አላት።»

«እንዴ፣ እናትዎ አልተረዱም?»

«አዝመራው ይግባ፣ ፋሲካ ይለፍ ስንል ሳናረዳት ቆየን። ድምፁ ሲጠፋባት ለማርያም ጥላ ተስላ ነበር። ነጋዴው የነገራት ለት ገዝታ አስገባች።»



«አሁን ወደ እሳቸው ነዎት?»

«ወደ እሷ ነኝ። ‹ሁለታችሁም ኑ› ብላ ልካብኛለች።»

መውረጃዬ ሲደርስ «ወራጅ አለ» ሳልል አለፍኩት።