በሩ ሲዘጋ የሚቋረጠው መስመር

ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ዳቦ ገዝቼ ስመለስ፣ በሕንፃችን ደረጃ ላይ አንድ ነገር በብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ እንደ ታመመ ሕፃን ደረታቸው ላይ ለጥፈው የሚወርዱ ሽማግሌ አገኘሁ። ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ የሚኖሩት ጡረተኛው ልብስ ሰፊ ናቸው። አርባ ዓመት ኮት ሲሰፉ ኖረው ትከሻቸው ጎበጥ ብሏል፤ ሰው ሲያገኙም ከፊቱ በፊት የሚያዩት አዝራሩን ነው።

«እንደምን አደሩ ጋሼ? ምን ተሸክመው ነው?»

«ደኅና፣ እግዜር ይመስገን። ኮምፒውተሬ ነው፣ መምህር። ታሞብኝ ሐኪም ዘንድ እየወሰድኩት ነው። ደግሞ ሁለተኛዋ አዝራርዎ ልትወድቅ ነው።»

አዝራሬን ያዝኩ። እኔ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ «ታመመ»፣ «ተበላሸ» የሚባል መልስ አይዋጥልኝም። ተማሪ «ሒሳቡ እንቢ አለኝ» ሲለኝ «የቱ መስመር ላይ?» ብዬ አፋጥጠዋለሁ። ይህ ጠባዬ ለጉርብትና እንደማይመች አውቃለሁ፤ ግን ምን ላድርግ፣ አንዴ ለምዶብኛል።

«ምኑን ነው ያመመው?» አልኳቸው።

«ለእኔስ ደኅና ነው። የልጄ ሚስት ናት ኢንተርኔቱ ተቋረጠብኝ የምትለው።»

«እሷ ጋ ከተቋረጠ የእርስዎን ለምን ይወስዱታል?»

«የእሷንማ ሰኞ ዕለት ወስጄው ‹ምንም የለውም› ብለው መለሱልኝ። እንግዲህ የቀረው የእኔ ነዋ!»

ይህን ሲሉ ከላይ የሚሮጥ ሰው ኮቴ ተሰማ። ምራታቸው ነበረች፤ የቤት ጫማዋን እንደተጫማች፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ደረሰች።

«አባባ፣ በእናትዎ ይመለሱ! አሁን ወረፋ በዝቷል አሉ፤ ዛሬ ከወሰዱት እኮ ቢያንስ ሳምንት ያስቀምጡታል!»

ይህች ልጅ ነርስ ናት። አዋላጅ ለመሆን ስትማር ዓመት አልፏታል። ትምህርቱ ከዚህ ወር ጀምሮ በኢንተርኔት ሆኗል፤ ረቡዕና ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ሦስት ጊዜ የቀረ ተማሪ ይሰረዛል። የመጀመሪያው ዕለት፣ ያለፈው ቅዳሜ፣ መስመሩ ተቋርጦባት ቀርታለች፤ ረቡዕም እንዲሁ። ዛሬ ከተቋረጠ የዓመት ድካሟ ገደል ገባ ማለት ነው። ይህን ስትነግረኝ ዳቦዬን በብብቴ ይዤ ሳላስበው ተከትያቸው ወጣሁ።

ቤታቸው ፊት ለፊት አንድ ሳሎን፣ ከዚያ ጠባብ ኮሪደር፣ ከኮሪደሩ ማዶ የእሷ ክፍል ነው። ሳሎኑ ውስጥ የስፌት መኪናው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ተቀምጧል። ከጎኑ የሽማግሌው ኮምፒውተር ቦታ አለ፤ ለእሱም ራሳቸው የሰፉለት፣ ጠርዙ የተዘመዘመ ልብስ አለው። ኢንተርኔቱ ከግድግዳው ወጥቶ ወደ እሳቸው ኮምፒውተር ይገባል። ከዚያ ሌላ ገመድ ተነሥቶ በኮሪደሩ ጥግ ሄዶ፣ በበሯ ሥር ሾልኮ ከእሷ ኮምፒውተር ይገናኛል። የዘረጋው ልጃቸው ነው። የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ ገመዱን ዘርግቶ «ይሠራል!» ብሎ በማግስቱ መንገድ ወጣ።

«ልጄ» አሉ ልብስ ሰፊው ብርድ ልብሱን ሳይፈቱ፣ «ሥራ ለባለሙያ ይሰጣል። እኔ ዘንድ የሚመጣ ደንበኛ ኮቱን ያስረክበኛል እንጂ ራሱ መቀስ አያነሣም ነበር።»

«እውነትዎን ነው አባባ። ግን ደንበኛው ‹ጠበበኝ› ብሎ፣ የት ጋ እንደሆነ ሳይነግርዎት ጥሎ ቢሄድስ? ብብቱን ነው የሚያሰፉት ወይስ ወገቡን?»

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? መጀመሪያ አስለብሼ እለካዋለሁ።»

«እኛም መጀመሪያ እንለካ።»

በገዛ ሙያቸው ሲመጡባቸው ይሸነፋሉ። ኮምፒውተሩን ቀስ ብለው ቦታው አስቀመጡትና ገመዶቹን አንድ በአንድ መልሰው ሰክተው አበሩት፤ ያን ጊዜ የእሷም መስመር መጣ።

ልጅቷ ከኪሷ ደብተር አወጣች። በሆስፒታል የበሽተኛ ትኩሳት የሚመዘገብበትን ሠንጠረዥ አስመስላ አሥምራዋለች። «ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ ሠራ። ረቡዕ ጠዋት ሠራ። ረቡዕ ዘጠኝ ሰዓት ከሁለት ደቂቃ ላይ ተቋረጠ፤ አሥር ሰዓት ከሩብ ተመለሰ። ሐሙስ ሠራ። ዓርብ ሠራ።» ያለፈው ቅዳሜም እንደ ረቡዕ ነው።

ደስ አለኝ። ይህ ነው እኔ የምወደው መልስ! በሽታው ቀን አለው፤ ሰዓትም አለው።

«በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እንቀይራለን» አለች። «ሁለት ነገር አብረን ከነካካን፣ ቢስተካከል እንኳ የትኛው እንዳስተካከለው አናውቅም።» የገመዱን ጫፎች ነቅላ መልሳ ሰካች፤ ሠራ። ኮምፒውተሯን አጥፍታ አበራች፤ ሠራ። ሌላ ገመድ ተውሳ ከእኔ ቤት አመጣች፤ በዚያም ሠራ። የመጀመሪያውን መለሰችው።

«ለመሆኑ ትምህርት ስትጀምሪ ብቻ የምታደርጊው ነገር አለ?» አልኳት።

አሰበችና «በሬን እዘጋለሁ» አለች።

አገኘሁት ብዬ ከመቀመጫዬ ዘለልኩ። ገመዱ በበሩ ሥር ነዋ የሚያልፈው! በሩ ሲዘጋ ይጨፈልቀዋል፤ ሲከፈት ይለቀዋል። በራሴ እየኮራሁ ሦስታችንም ክፍሏ ገብተን በሩን ዘጋነው። መስመሩ ግን ንቅንቅ አላለም። ገርበብ አደረግነው፣ አጋጨነው፣ እኔማ በትከሻዬ ሁሉ ገፋሁት። ሽማግሌው እየሳቁ «መምህር፣ በሩን ለባለሙያ ቢሰጡት ይሻላል» አሉኝ። አፈርኩ። ቢሆንም አንድ ነገር አውቀናል፤ በሩ ንጹሕ ነው። የራስን ግምት ፈትኖ መጣል ቢያሳፍርም፣ ሳይፈትኑ ይዞ ከመዞር ይሻላል።

«እንግዲህ» አልኩ፣ «ረቡዕ የነበረው ሁሉ አሁንም አለ። ገመዱ ያው፣ ኮምፒውተሩ ያው፣ በሩ ያው። የተለየው ምንድን ነው?»

ልጅቷ ዙሪያዋን ቃኘች። እኔን አየች፤ አማቷን አየች። ከዚያ አንገቷን ደፋች።

ገባኝ። ረቡዕ ዕለት እኔ እዚህ አልነበርኩም፤ ሽማግሌውም በዚህኛው ክፍል አልነበሩም። የቀረው አንድ ጥያቄ ነው፤ እሱን ደግሞ ምራት ለአማቷ አታነሣም። እኛ ታላላቆቻችንን እንዴት አደሩ፣ እንዴት ዋሉ እያልን እንጠይቃለን፤ መልሱን ግን አንጠብቅም። «ምን ሲያደርጉ ዋሉ?» ብሎ ከልብ መጠየቅ እንደ ድፍረት ይቆጠራል። ስንት ቤት በዚህ ጨዋነት ውስጥ እየተቸገረ እንደሚኖር ቤት ይቁጠረው።

«ጠይቂያቸው» አልኳት ቀስ ብዬ።

«አባባ... ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እኔ በሬን ስዘጋ እርስዎ ሳሎን ምን ያደርጋሉ?»

ፊታቸው ተለወጠ። «እኔን ነው የምትመረምሪኝ?»

«ኧረ በፍጹም፣ አባባ!»

«በእኛ ጊዜ ታላቅ ሰው እንዲህ አይጠየቅም ነበር። የሚያደርገውን ያውቃል ተብሎ ይከበራል።»

ልጅቷ ልትተወው መስሎኝ ነበር፤ ግን ቀና አለች። «ባለፈው ወር ሆስፒታል፣ ክፍላችን የተኙ አንድ አዛውንት ነበሩ። መድኃኒቱን እየወሰዱ ይብስባቸዋል እንጂ አይሻላቸውም። ሁላችንም አክብረናቸው ዝም አልን። በስንተኛው ቀን ‹አባቴ፣ ከዚህ ሌላ የሚውጡት አለ?› አልኳቸው። ጎረቤት የሰጣቸውን ክኒን ትራስ ሥር ደብቀው ይወስዱ ነበር። ሳልጠይቃቸው የቆየሁት ስላከበርኳቸው ነው፤ አክብሮቴ ግን ሊገድላቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ የምጠይቀው ስለማከብር ነው።»

ሽማግሌው እንደ ተበደለ ሰው፣ ዝቅ ባለ ድምፅ «እኔ ምን አደርጋለሁ? እንዳላስቸግርሽ አጠፋለሁ» አሉ።

«ምኑን?»

«ኮምፒውተሩን ነዋ! አንዱን መስመር ለሁለት ስንሻማው አንቺ ጋ እንዳያንስ፣ በርሽን ስትዘጊ አጠፋለሁ። ሙሉውን ላንቺ ልቀቅልሽ ብዬ። ልብሱን አለብሰውና ትምህርትሽ እስኪያልቅ ቁጭ እላለሁ።» ከዚያም ጨመሩ፤ «ዳማም እየተጫወትኩ ነው የማቋርጠው። የማላውቀው አንድ ሰው አለ፣ በየቀኑ በኮምፒውተር የምንጋጠም። ረቡዕ ሁለት ንጉሥ ይዤ ላሸንፈው ስል ትቼለት ተነሣሁ። ‹ፈሪ› ብሎ ጽፎልኛል።»

ሽማግሌው የሚወዱትን ነገር በገዛ እጃቸው ሲሰጧት ነው መስመሯን የቆረጡባት። ላልቅስ ወይስ ልሳቅ አላወቅሁም።

ልጅቷ ግን ሁለቱንም አደረገችው። ዓይኖቿን በእጅጌዋ እየጠረገች ሳቀች። «እኔም እኮ ረቡዕ ግራ ሲገባኝ ሳሎን መጥቼ ነበር። ኮምፒውተሩ ልብሱን ለብሶ፣ እርስዎ እጅዎን አጣጥፈው ተቀምጠዋል። የዕረፍት ሰዓትዎ ነው፣ አልረብሻቸው ብዬ በእግሬ ጣቶች ተራምጄ ተመለስኩ። የእርስዎ ቢጠፋም ገመዱ እንደ መብራት ገመድ ዝም ብሎ የሚያሳልፍ ነበር የመሰለኝ።»

«አያሳልፍም?»

«እንለካዋ!» አልኩ እኔ።

ሽማግሌው ሳሎን ሄደው አጠፉት። እሷ ከክፍሏ «ሄደ!» አለች። አበሩትና ጥቂት ጠበቅን። «መጣ!» አለች። ማመን አልፈለጉም፤ ደግመው አጠፉ፣ ደግመው አበሩ። ሁለተኛው «መጣ!» ሲሰማ ወንበራቸው ላይ ዘፍ አሉ።

«ለካስ ቆራጩ እኔ ነኝ!»

«አይደሉም፣ አባባ። መስመሩ በእርስዎ ኮምፒውተር በኩል ነው የሚያልፈው። እሱ ከተኛ የእኔም ይተኛል፤ በቃ፣ ይኸው ነው። ይህን የሚነግረን አጥተን ነው እንጂ ማናችንም ጥፋት አልሠራንም።»

«ይሁን። ግን አብረን ስንጠቀም አንቺ ጋ ማነሱስ?» አሉ። አርባ ዓመት ጨርቅ በቁራጭ ሲቆጥቡ የኖሩ ሰው በቀላሉ አይለቁም።

«እሱንም እንሞክረው። እርስዎ ዳማዎን ይጫወቱ፤ እኔ የተቀዳውን ትምህርት ልክፈት።»

ሞከሩት። መምህርቷ ስለ ምጥ አጀማመር ስታስረዳ ቃል ሳይጎድል ይሰማል፤ ሽማግሌውም ሁለት ጠጠር በሉ። «ዳማ የሚወስደው ኢምንት ነው» አለች ልጅቷ። «ፊልም ካዩ ግን እኔ ጋ መንቀርፈፉ አይቀርም፤ ያን ጊዜ እነግርዎታለሁ።»

«ንገሪኝ» አሉ ሽማግሌው። «እኔም እነግርሻለሁ። ለካስ ያልተነገረ ደግነት ሰው ይጎዳል። ልጄ ሲመለስም መስመሩን ለሁለታችን የሚያከፋፍል ሣጥን ይግዛና ማንም በማንም ላይ እንዳይንጠለጠል ያድርግ። እስከዚያ ሣጥኑ እኔ ነኝ።»

አንባቢዬ ሆይ፣ እኔም ትርፋችንን ልንገርህ። ደኅናው ኮምፒውተር ሳምንት ሙሉ በሰው መደርደሪያ ላይ ከመቀመጥ ዳነ። ደብተሯ በሚስማር ሳሎን ተሰቀለች፤ ዛሬ በዚያ ቤት የሚያፈስ ቧንቧም፣ የሚያስቸግር አምፖልም ቀንና ሰዓቱ እየተጻፈ፣ አንድ በአንድ እየተፈተሸ ነው የሚስተካከለው። ከሁሉ በላይ ግን አማትና ምራት መጠያየቅ ጀመሩ። ልጅቷ «እንዴት ዋሉ?» ስትል መልሱን ቁጭ ብላ ትሰማለች፤ እሳቸውም ሥራ እንዴት ነበር ብለው ስለ በሽተኞቿ ያስተርኳታል። አንተም ቤትህ ውስጥ የሆነ ነገር እየቆየ የሚበላሽብህ ከሆነ፣ መሣሪያውን ከመፍታትህ በፊት አብሮህ የሚኖረውን ሰው በትሕትና ጠይቀው።

ወደዚያች ቅዳሜ ልመለስና ልጨርስ። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል ሄጄ ከሽማግሌው ጎን ተቀመጥኩ፤ እሳቸው መርፌና ክር አውጥተው አዝራሬን እየሰፉልኝ ነበር። የኮምፒውተሩን ልብስ አጣጥፈው ከሥራቸው ቁጭ ብለውበታል። ዳማው ተከፍቷል፤ ያ የማናውቀው ሰውም ተራውን ተጫውቶ ይጠብቃል።

የክፍሉ በር ተዘጋ። የሽማግሌው ቀኝ እጅ መርፌውን ትቶ በልማዱ ወደ ማጥፊያው ተዘረጋ። መንገድ ላይ አዩትና መልሰው ጭናቸው ሥር ሸጎጡት።

ዘጠኝ ሰዓት ከሁለት ደቂቃ አለፈ፤ ከሦስትም አለፈ። ከበሩ ጀርባ የመምህርቷ ድምፅ ስም ሳይሆን ቁጥር እየጠራ ወረደ።

«ቁጥር አሥራ አራት?»

«አለሁ!» አለች ልጃቸው።

ልብስ ሰፊው ዓይናቸው እንባ ሞልቶ፣ እንዳይሰሙባቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ወደ በሩ እያዩ «አለን» አሉ።