እንዳንቺ ያለ ታካሚ

ዶክተር ሲፈራ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። የቤተሰብ ሐኪሜ የደም ውጤቴን ደጋግሞ አየና፣ «የራስሽ ሰውነት ቀይ የደም ሴሎችሽን እያፈረሰ ነው። በሽታውን ተማሪ ሳለሁ አንብቤዋለሁ እንጂ እንዳንቺ ያለ ታካሚ አክሜ አላውቅም» አለኝ። ልጄ ሄለን ስትደውል፣ ኢሜይል ስታደርግ ሰንብታ፣ በዚሁ በሽታ ላይ ምርምር የምታደርግ ስፔሻሊስት እዚሁ አትላንታ አገኘችልኝ።

በቀጠሮዬ ቀን ስፔሻሊስቷ ነጭ ጋውን የለበሱ ሐኪሞች አስከትላ ገባች። መሞቻዬን ሊነግሩኝ የመጡ መሰለኝ። «ምን ሆኜ ነው ይሄ ሁሉ ሰው?» አልኳት ሄለንን በአማርኛ። «እማ፣ ሪላክስ፣ ሊማሩ ነው» አለችኝ። ስፔሻሊስቷ በሽታውን የሚያስታግስ መድኃኒት እንዳለ ነገረችኝና ለምርምሩ የደም ናሙና እንድሰጥ ጠየቀችኝ። እኔ ግን «እንደኔ የታመመ፣ በሕይወት ያለ ሰው አይተሻል?» አልኳት። «አንዲት ታካሚ አለችኝ። ከፈቀደች ትደውልልሻለች» አለችኝ።

በማግስቱ ከአትላንታ ወጣ ብሎ ስቶን ማውንቴን ባለው ቤቴ ቁጭ ብዬ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ። ያቺ ታካሚ ናት። ስሟን እንኳ ሳትነግረኝ «ፈርተሻል አይደል?» አለችኝ። አለቀስኩ፤ እሷም ስልኩን ሳትዘጋ ጠበቀችኝ።