የአረንጓዴው ቤት እንፋሎት

ና ኢብሮዬ፣ ባጃጅህን ወደ ጥላው አስጠጋና አረፍ በል። ዛሬስ ወበቁ ባሰበት አይደል? እኔ ከጠዋት ጀምሮ በሻሼ ጫፍ ፊቴን ሳራግብ እጄ ዛለ። እናትህስ፣ ጉልበታቸው ተሻላቸው? አልሐምዱሊላህ። እንካ ሻይህን፤ ቅርንፉድ ጨምሬበታለሁ። የዙልፋ ሻይ በሙቀት ቀን ነው የሚጣፍጠው።

ቀስ ብለህ እፍ እያልክ ጠጣው። እፍ ስትል ደግሞ ወደ መሬት ይሁን… ወደ ላይ እንዳትል። ለምን? አልሰማህም እንዴ? ሸዋ ሮቢትን ያሞቃት የኔ ሻይ እንፋሎት ነው አሉ።

አትሳቅ! የተማረ ሰው የተናገረውን ነው የምነግርህ። እሑድ የቀበሌው ስብሰባ ላይ አልነበርክማ። ስለ ሙቀቱ ምን ይደረግ ተብለን ተጠራን። እኛ መሃይሞቹ ዛፍ እንትከል ምናምን ስንል፣ አንድ የተማሩ ሰው ተነሡ። ስማቸውን አልጠራም፤ የትልቅ ሰው ስም ሻይ ቤት ውስጥ አይጠራም። በቅርቡም ወደ ወረዳ ከፍ ሊሉ ነው ይባላል። ደብረ ብርሃን ሄደው ስለ አየር ንብረት ሥልጠና ወስደዋል። ሥልጠናው አጭር ነበር ይላሉ፤ ግን ለብልህ ሰው ምን ረጅም ያስፈልገዋል? ከምሳ በፊት ያለው ይበቃዋል።

ድምፄ በዛ እንዴ? ማንቆርቆሪያው ስለሚጮህ ነው እንጂ፣ ከኋላህ ጀርባቸውን ሰጥተውን ለተቀመጡት ደንበኛ ብዬ አይደለም። እሳቸው ስልካቸውን እያነበቡ ነው። ገልብጠው ነው የያዙት… የተማረ ሰው በየትኛውም በኩል ያነባል።

እና ምን አሉ መሰለህ? ከእኛ በላይ ያለው አየር ንብርብር ነው አሉ፣ ልክ እንደ አነባበሮ። ዝናቡም፣ ደመናውም፣ ሙቀቱም ያለው በታችኛው ንብርብር ነው፤ እሱም የእኛ ነው። ገረመኝ! በምድር ደብረ ሲናዎች ቁልቁል ያዩናል፣ በሰማይም ከታች ነን ለካ! ከዚያ፣ ከሁሉ በላይ ሙቀት አፍኖ የሚይዘው የውሃ እንፋሎት ነው፣ ከመኪና ጭስ ይበልጣል አሉና ወደ እኔ ዞር አሉ። እኔ ደግሞ ሰላምታ መስሎኝ ፈገግ አልኩላቸው!

እስቲ ቀና ብለህ ቆርቆሮውን እየው። እንፋሎቱ ከማንቆርቆሪያው እየፎከረ ይወጣል። ከፍ ይላል፣ ከፍ ይላል… ቆርቆሮው ጋ ሲደርስ ይቀዘቅዝና ጠብ! ትከሻዬ ላይ። ይኼ ነው እንግዲህ ከተማ ያሞቀው።

የመምህር ለማ ልጅ ትዕግሥት፣ ያቺ አሥራ አንደኛ ክፍል ያለችው፣ እጇን አወጣች። "እንፋሎት ሙቀት መያዙ እውነት ነው፤ ግን በጥቂት ቀን ዝናብ ሆኖ ይወርዳል። ዓመት ከዓመት እዚያው ተቀምጦ የሚያሞቀን የነዳጅና የከሰል ጭስ ነው። አየሩ በሱ ሲሞቅ ነው እንፋሎቱም የሚበዛው" አለች። ከሰል ስትል ምድጃዬ ትዝ አለኝና እኔም ትንሽ ደነገጥኩ። እሳቸው ግን አልደነገጡም። "ቁጭ በይ፣ ልጄ" አሏት። እንዴት ያለ መልስ ነው! አጭር፣ ግልጽ፣ ማስረጃ የማይፈልግ። ልጅቷ ያን ያህል ዓመት ተምራ እንዲህ ያለ መልስ መመለስ መች ትችላለች?

ከዚያ ዋናው ትምህርት መጣ። "ይህ ነገር በፈረንጅኛ ግሪንሃውስ ይባላል። ግሪን አረንጓዴ፣ ሃውስ ቤት። አረንጓዴ ቤት ማለት ነው" አሉ። አዳራሹ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። በዚህ መንገድ ላይ ከኔ ሌላ አረንጓዴ የተቀባ ሻይ ቤት የት አለ? ትዕግሥት ብቻ ተነሥታ "ኧረ እሱ ችግኝ የሚፈላበት የላስቲክ ቤት ነው!" ብላ ጮኸች። እሳቸው ቃሉን ከአፏ ቀበል አደረጉና "አያችሁ? ይፈላበታል! ዙልፋም ታፈላለች!" አሉ። ሰው አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፣ ወላሂ፤ እጄ ብቻውን ነው የሄደው።

ቀለሙን ከየት አመጣሁት? አየህ፣ ጥሩ ጥያቄ ጠየቅክ። አንድ ደግ ጎረቤት በራቸውንና መስኮታቸውን አስቀብተው ሲተርፋቸው "ዙልፋ፣ ሳይደርቅ ውሰጂው" ብለው የሰጡኝ ነው። ያ ማዶ ያለው ትልቁ አረንጓዴ ቤት… በጣትህ አትጠቁም፣ ነውር ነው።

እና ምን ታሰበ? ከዚህ ጥግ ተነሥቼ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ እንድገባ። እዚያ መኪና አይቆም፣ መንገደኛ አያልፍ። እህል የሚጠብቅ አህያ አለ፤ ሻይ በስኳር ይወድ እንደሆነ አላውቅም። ልጆቼን በዚህች ማንቆርቆሪያ ነው ያሳደግኩት፣ ኢብሮ… አይ፣ ምንም አልሆንኩ፤ ዓይኔ ውስጥ እንፋሎት ገብቶ ነው።

ጥጉስ ባዶ አይቀርም፣ አትጨነቅለት። ይኼ አጠገቤ የቆመው የለስላሳ ፍሪጅ ትንሽ ሰፋ ብሎ ይቀመጣል። ባለቤቱ ማን እንደሆነ እኔ ምን አውቄ? ብቻ ለከተማው ቅዝቃዜ የሚጨነቅ ሰው ነው። ፍሪጁ ከፊት ያቀዘቅዛል፤ ከኋላው ደግሞ ቀኑን ሙሉ አንገቴ ላይ ይተነፍስብኛል፣ ትኩስ ትኩሱን። ግን እሱ ምን ጥፋት አለበት? አረንጓዴ አይደለ፣ ሰማያዊ ነው።

ውይ! ጋሼ ሀብታሙ መጡ! የስብሰባው ሊቀ መንበር እኮ ናቸው፤ ቦታውን አይቼ እወስናለሁ ብለው ነበር። ኑ ጋሼ፣ አረፍ ይበሉ! እኔ ጋ አይሁን፣ እንፋሎቱ ያሞቅዎታል። እዚያ ከፍሪጁ ኋላ ዱካ አለ፤ እዚያ ነው ቀዝቃዛው… ተመቸዎት?… ላብዎ እኮ ወረደ! በዚህ ፍጥነት? የታችኛው ንብርብር ላይ ስለተቀመጡ ይሆናል… ወደ እኔ ልምጣ አሉ? ከእንፋሎቱ? እንደ ወደዱ። እንኩ፣ ቅርንፉድ አለው።

ምን አሉኝ ጋሼ? ያ ማዶ ያለው አረንጓዴ ቤት የማን ነው? እንጃ… እኔ ስም አልጠራም። አረንጓዴ ቤት የሚነሣ ከሆነ ከትልቁ ይጀመር አሉ? ኧረ ይተዉ ጋሼ! ያንን የሚያህል ቤት ከወፍጮ ቤት ጀርባ እንዴት ይገባል? አህያውስ ምን ይበላል?… እሺ። እንግዲያው እዚሁ ቆዪ ካሉኝ እቆያለሁ። የእርስዎን ቃል እኔ አልጥስም።

ወዴት ነው ደንበኛዬ? ሻይዎን ሳይጨርሱ? እሰይ፣ ስልኩንም አሁን አቀኑት! ሒሳቡን ይተዉት፤ የቀለሙ ውለታ ይሁንልኝ።

ሄዱ። አንተ ኢብሮ፣ እንዲህ ያለ ሰው ሳይመረቅ አይሸኝም። እጅህን ዘርጋ፣ አሚን በል። አላህ ጤናና ረጅም ዕድሜ ይስጣቸው። የተመኙትን የወረዳ ወንበር ይስጣቸው። ልክ እንደ ሻዬ እንፋሎት ከፍ፣ ከፍ፣ ከፍ ያድርጋቸው… እኔም ከዚሁ ጥጌ አልነቃነቅም፤ ሲወርዱ ብርጭቆ ይዤ እጠብቃቸዋለሁ።