ወንዙ እስኪጎድል

የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። የወረዳችንን ተራራ፣ የጤፉንና የስንዴውን ማሳ፣ ከቁይ እስከ ደብረ ወርቅ ያሉትን የገበያ ከተሞች ሰሌዳ ላይ እየሳልኩ አሥራ አንድ ዓመት አስተምሬአለሁ። ወንዝ ስስል ሰማያዊ ጠመኔ እመርጣለሁ። ሞኝነቴ! ሐምሌ ላይ ወንዛችን ሰማያዊ ሆኖ አያውቅም።

በዚያው በሐምሌ፣ አንድ ቅዳሜ ቁይ መናኸሪያ ዝናብ ሸሽቼ ቆርቆሮ ሥር ስጠጋ፣ የቀድሞ ተማሪዬን እስከዳርን አገኘኋት። ሆዷ ገፍቷል። እናቷ ወይዘሮ ሥራነሽ ጓዟን በነጠላ ቋጥረው አጠገቧ ቆመዋል። እስከዳር ጤና ጣቢያው ግቢ ባለው የእናቶች ማቆያ ቀኗን ስትጠብቅ ነበር፤ እናቷ ግን ሊወስዷት መጥተዋል።

«ምነው እማማ፣ ስንት ቀን ቀራት?» አልኩ።

«ሳምንት አይሞላም። ለዚሁ ነው የመጣሁት። የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ነው የሚወለደው። እናት እያላት ሰው ደጅ ወለደች ይበሉኝ?»

«መኪናው የሚያወርዳችሁ ወንዙ አፋፍ ነው፤ ድልድይ የለም። ዛሬ ብትሻገሩ ነገ ቢሞላስ? ደም ቢፈሳትስ?»

«አዬ መምህር! እኔ ሰባት ስወልድ ወንዙ አይሞላም ነበር? ማርያምን ጠርቼ ተገላገልኩ።»

«ስንቱ አደጉልዎት?»

ሴትዮዋ «አራት» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ምላሴን በቆረጠው! እኛ የተማርን ሰዎች እንዲህ ነን፤ እውነት የተናገርን እየመሰለን ሰው እናቆስላለን። የሚኒባሱ ሹፌር ክላክስ ሲያሰማ ሥራነሽ የልጃቸውን ክንድ ይዘው ሊሄዱ ተነሱ።

ግድግዳውን ተደግፈው የተቀመጡ ሽማግሌ ግን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ናቸው፤ ከወንዙ ማዶ ዜማ የሚያስተምሩ፣ የሥራነሽ አገር ሰው።

«ሥራነሽ፣ የኔአለምን ታስታውሻታለሽ?»

«ልጅዎን እንዴት እረሳለሁ! ነፍሷን ይማር። ምጥ ጸንቶባት ነው አሉ።»

«ምጡ አይደለም፤ እኔ ነኝ። አምና ነርሷ ማቆያ ትግባ ብትለኝ፣ ልጄ ከእናቷ ጓዳ አትወጣም ብዬ መለስኳት። በሁለተኛው ቀን ሲብስባት በቃሬዛ አወጣናት። ወንዙ ሞልቶ ጠበቀን። አፋፉ ላይ አስተኝተን እስኪጎድል ተቀመጥን። የቁይ ቆርቆሮ ወዲያ ማዶ ይታያል። ‹አባቴ፣ ያውና› አለችኝ በጣቷ እያሳየች። አምሳ ዓመት የደገምኩትን ዳዊት ደገምኩላት። ወንዙ በማግስቱ ጎደለ።»

ሥራነሽ ዓይናቸውን ጠረጉ። «እግዜር ያመጣው ነው፣ አባቴ።»

«እግዜርማ ማቆያውን ቀድሞ አምጥቶልኝ ነበር። የመለስኩት እኔ ነኝ።»

ሥራነሽ የነጠላውን ቋጠሮ መሬት አስቀመጡ። ከዚያ ቀስ ብለው ጠየቁ፤ «ገንፎውንስ ማን ያገነፋላታል?»

«ማብሰያ አለ እኮ እማዬ» አለች እስከዳር ፈጥና። «እናቶች እዚያው ያገነፋሉ። እልልታም አይከለከልም።»

«እንግዲያ እኔም አብሬሽ እቀመጣለሁ። እናት ያለችበት ቦታ የእናት ቤት አይደል?»

ደስ ብሎኝ ጥቅሙን ዘረዘርኩ። ደም ቢፈስ የሚያቆም ሰው አለ፤ ቢከብድ አምቡላንስ ደብረ ማርቆስ ያደርሳል፤ ሕፃኑም ክትባቱን በሰዓቱ ያገኛል አልኩ። መሪጌታ እያንዳንዱን አንገታቸውን እየነቀነቁ ሰሙ። ይህ ሁሉ ለልጃቸው እንዳልደረሰ ትዝ ሲለኝ አፈርኩና ተውኩት።

እናትና ልጅ ነጠላ ተከናንበው ወደ ጤና ጣቢያው ሲመለሱ፣ መሪጌታን «እርስዎስ ወዴት ነዎት?» አልኳቸው።

«የትም። ክረምቱን ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ እቀመጣለሁ።»

«ስንት ነፍሰ ጡር መለሱ?»

«እስከዳር ሁለተኛዋ ናት። አምስቱ እምቢ ብለው ተሻግረዋል።»

ሚኒባሱ ተነሳ። በኋላው መስኮት አንዲት ሆዷ የገፋ ወጣት እናቷ ትከሻ ላይ ተደግፋ አየን። መሪጌታ ዘለው ተነሱ፤ መቋሚያቸውን እያወዛወዙ በጭቃው ሮጡ፣ ተጣሩም። ሹፌሩ አልሰማም። ርሰው ተመልሰው ቦታቸው ላይ ተቀመጡ።

«ስድስት» አሉ።