ዶሮዎቼን ይቅርታ የጠየቀው ጎረቤት

ወደ ኤርፖርት በሚወስደን የሠራተኞች ባስ ላይ አንዲት እናት አጠገባቸው ከተቀመጠ ወጣት ጋር ወሬ ጀመሩ።

"የወፍ ጉንፋኑ ዶሮውን ፈጅቶት እንቁላል ጠፋ አይደል?"

"ተዉት ማዘር! የምሠራበት ቁርስ ቤት ኦምሌት አቁሞ የሥራ ሰዓቴን ቀነሰብኝ።"

"እኔ እዚህ አርሊንግተን ቤቴ ጓሮ ውስጥ ስድስት ዶሮዎች አሉኝ።"

"አይከለከልም?"

"ጎረቤቴ 'ይሸታሉ' ብሎ ለከተማው አስተዳደር ኮል አድርጎ ነበር። መጥተው አይተው ፈቀዱልኝ።"

"ሶ፣ አሁን ተኮራርፋችኋል?"

"ምን መኮራረፍ አለ! ትናንት ባዶ የእንቁላል ካርቶን ይዞ በሬን አንኳኳ።"

"እንዳይሰጡት!"

"ልጆች አሉት፣ እንዴት እከለክላለሁ? ግን መጀመሪያ ዶሮዎቹን በየስማቸው ይቅርታ አስጠየቅኩት።"

"ጠየቀ?"

"ስድስቱንም! አንዷን ሊዘላት ሲል መለስኩት።"

እኔንም ይቅርታ እንዳያስጠይቁኝ ብዬ ለቁርስ የያዝኩትን የእንቁላል ሳንዱች ከቦርሳዬ ሳላወጣ ወረድኩ።