ቄሱ ዝም ያሉ ዕለት

በጃንሆይ ጊዜ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ባለ ቤተ ክርስቲያን ዲያቆን ነበርኩ። ከጎረቤቴ ከአያ ውቤ ጋር በእርሻ ድንበር ተጣልተን ጠመንጃ እስከ መማዘዝ ደርሰን ነበር። አንድ እሑድ በቅዳሴው መካከል፣ እንደ ወጉ፣ «እርስ በርሳችሁ ሰላም ተባባሉ» ብዬ አወጅኩ። ሕዝቡ እጅ ተነሣሣ፤ ቄሱ ግን ዝም አሉ።

«አባ፣ ይቀጥሉ እንጂ» አልኳቸው።

«ያልታረቅህ ሰው ሌላውን ታረቅ ትላለህ? ከውቤ ጋር ሳትታረቅ ሥጋ ወደሙን አልባርክም!»

በላብ ተጠመቅኩ። ከነልብሰ ተክህኖዬ ወጥቼ፣ ከወንዶቹ መካከል በቆመው በአያ ውቤ እግር ላይ ልወድቅ ስል፣ «ኧረ በመድኃኔዓለም! ዲያቆንማ እኔ እግር ላይ አይወድቅም!» ብሎ ቀድሞኝ ወደቀ። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት።

ስንት ቅዳሴ ቀድሻለሁ መሰላችሁ! የምኮራው ግን በእኔ ጥፋት በቆመው በዚያኛው ነው።