ለኪንሊ የሚሆን ቀስት

ሰው ለልጅ ስጦታ ሲገዛ አብዛኛውን ጊዜ ለራሱ እንደሚገዛ የተረዳሁት ፓሮ በምትባለው የሸለቆ ከተማችን ገበያ ውስጥ ቀስትና ፍላጻ መሸጥ ከጀመርኩ በኋላ ነው። አባት ለልጄ ብሎ ይገባል፤ ዓይኑ የሚያርፈው ግን እሱ ራሱ በልጅነቱ ሲመኘው በኖረው ዕቃ ላይ ነው። እኔም ነጋዴ ነኝና አፌን ዘግቼ እጠቀልልለት ነበር። ይህን ልማድ ያስተወኝ አጋይ ናዶና መምህርት ላደን ሱቄ ውስጥ ሳይታሰብ የተገናኙበት ቀን ነው።

ናዶን የሸለቆው ሰው ሁሉ አጋይ፣ አያታችን፣ እያለ ይጠራቸዋል። መቶ አርባ ሜትር ላይ የተተከለ፣ ወርዱ ከስንዝር ተኩል የማይበልጥ የእንጨት ዒላማ በሰባ ዓመታቸው ይመታሉ። አንድያ ልጃቸው ዋና ከተማ ቢሮ ገብቶ ቀስት ረስቷል። የቀራቸው ተስፋ አብሯቸው የሚያድገው የዘጠኝ ዓመቱ የልጅ ልጃቸው ኪንሊ ብቻ ነው።

«ያችን ባለ መዘውሯን አውርድልኝ» አሉኝ፤ ከባሕር ማዶ የመጣውን፣ ጅማቱ በትናንሽ መዘውሮች ላይ የሚዞረውን ውድ ቀስት በጣታቸው እያሳዩ።

«የቀርከሃዎን ሊከዱ ነው አጋይ?»

«ለኪንሊ ነው። ለዘመን መለወጫ የሰጠሁትን የቀርከሃ ቀስት ሃያ ቀን ይዞ ከትናንት ወዲያ ጥግ ላይ ወረወረው። ዘመናዊውን አምሮት ነው እንጂ የእኔ ዘር ቀስት አይጠላም።»

ቀስቱን አወረድኩ። ለትምህርት ቤት ፍላጻ እየመረጠች የነበረች አንዲት ወጣት ሴት በዚህ ጊዜ ቀና አለች።

«አጋይ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይህን ቀስት ለኪንሊ ከሰጡት ዳግመኛ ቀስት የሚባል ነገር አይነካም።»

«አንቺ ደግሞ የማን ልጅ ነሽ?»

«የኪንሊ አስተማሪ ነኝ። ላደን እባላለሁ።»

«እንግዲያው ፊደሉን አስተምሪው። ቀስቱን ለእኔ ተይው።»

ሌላ ሰው ቢሆን ያፍርና ይወጣ ነበር። እሷ ግን የያዘችውን ፍላጻ ቀስ ብላ አስቀመጠችና፣ «የሰጡት ቀስት በማን ልክ የተሠራ ነው?» ስትል ጠየቀቻቸው።

«በእኔ ልክ ነዋ! ያድግበታል። ልብስስ ስንገዛ ሰፋ አድርገን አይደል?»

«ልብስ ቢሰፋ ይታጠፋል አጋይ። ቀስት ሲከብድ ግን የሚታጠፈው የልጁ ትከሻ ነው።»

«እኔ በሰባት ዓመቴ የአባቴን ቀስት ስቤያለሁ!»

«ስንት ልጆች ሆናችሁ ነበር የጀመራችሁት?»

«አሥራ አንድ።»

«ዛሬ ስንቶቹ ይወረውራሉ?»

ሽማግሌው ጢማቸውን አሻሹ። «እኔና ጓደኛዬ ገምቦ።»

«ሌሎቹስ?»

«ሰነፎች ነበሩ።»

«ዘጠኙም?»

ይህን ጥያቄ ወደድኩት። አጋይ ናዶ ግን አልወደዱትም፤ ወደ እኔ ዞሩ። እኔም ቀስት የምወለውል መሰልኩ። ውዱን ዕቃ ለመሸጥ ስል ዝም ማለቴን ዛሬ ሳስበው አፍርበታለሁ።

«ዒላማውንስ የት ተከሉለት?» አለች ላደን።

«እንደ ደንቡ ነዋ፣ መቶ አርባ ሜትር ላይ።»

«ለጀማሪ ልጅ አሥር እርምጃ ይበቃል። ስፋቱም ሰፌድ የሚያህል ይሁን።»

«አሥር እርምጃ! በአሥር እርምጃማ ይህን የማኝከውን ቅጠል እንትፍ ብዬ እመታዋለሁ!» አሉ፤ የአገራችን ሽማግሌዎች የሚያዘወትሩት ቅጠል ጉንጫቸውን ሞልቶት ነበር።

ሳቄ አመለጠኝ። ላደንም ሳቀች። ሳቋ ሲያበቃ ግን ሁለት ጠንካራ የቀርከሃ ቀስቶች አንድ ላይ እንዳስርላት አዘዘችኝ፤ ከሱቁ ጀርባ ወዳለው ሜዳም ወጣን።

«አሁን ይሳቡት» አለች። «ለኪንሊ የእርስዎ ቀስት እንዲህ ነው የሚከብደው።»

አጋይ ናዶ እንቢ ማለት ሞት ነው የሚመስላቸው። ሰፊውን እጅጌያቸውን ሰብስበው ፍላጻውን ደገኑ። ጎረቤት ነጋዴዎች ወዲያው ከበቡን፤ እኛ አገር ወርዋሪን መተረብ የጨዋታው ቅመም ነውና ማንም አልማራቸውም።

«አጋይ፣ ቀስት ነው ወይስ በሬ የሚጎትቱት?»

«ወንዝ ማዶ ያለውን ሰው ተጠንቀቅ በሉት!»

የቀስቱ ጅማት እስከ ግማሽ መጣ። ክንዳቸው ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ጅማቱ አመለጣቸውና ክንዳቸውን ገረፈው። ፍላጻው እግራቸው ሥር ወደቀ። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው ፊታቸውን ሳያጨማድዱ፣ እንደ ዋዛ፣ እጅጌያቸውን ወደ ታች ለቀቁት።

ላደን ብቻ አልሳቀችም። ጠጋ ብላ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እጅጌዎን ለምን አወረዱት?» አለቻቸው።

«እነዚህ ሥራ ፈቶች እንዳያዩብኝ ነዋ!»

«ኪንሊም እንደዚሁ ነው ያደረገው። ትናንት ምሳ ሰዓት እጁን ሲታጠብ አየሁት፤ ከክርኑ እስከ አንጓው በልዟል። ‹ለአጋይ እንዳትነግሪብኝ፣ ሰነፍ ይለኛል› ብሎ ለመነኝ፤ እኔም ቃል ገባሁለት። ዛሬ ቃሌን ያፈረስኩት ይህን ከባድ ቀስት ሊጨምሩለት ሲሉ ስላየሁ ነው።»

አጋይ ናዶ አጥሩ ሥር ካለው ግንድ ላይ ተቀመጡ።

«እኔው ነኝ የተረብኩት» አሉ። «ፍላጻው እግሩ ሥር ሲወድቅበት ‹መጥረጊያ ነው ወይ የያዝከው?› አልኩት። ልጁ አልመለሰልኝም። እኔ ደግሞ ንቀት መሰለኝ።»

«አልናቀዎትም አጋይ። እንዳያሳፍርዎት ፈርቶ ነው።»

«ታዲያ ምን ልስጠው?»

«ስቦ እስከ አምስት ሲቆጥር እጁ የማይንቀጠቀጥበትን ቀስት። ፍላጻው ከክንዱ ረዘም ይበል፣ ሲስበው ጫፉ ከቀስቱ ወደ ውስጥ እንዳይገባና እጁን እንዳይወጋው። ጫፉም ይደንዝ። ከሁሉ በፊት ግን ለክንዱ የቆዳ መከላከያ፣ ለጣቶቹም መሸፈኛ ይስጡት። ዒላማው ገለባ የተሞላ ጆንያ ሊሆን ይችላል። ሲወረውርም ማንም ከፊቱ እንዳይቆም አጠገቡ ይሁኑለት።»

«ቀላል ከለመደ መቼ ሊጠነክር ነው?»

«ሲያድግ ቀስቱን እንለውጥለታለን። ዘንድሮ የሚያስፈልገው መምታት ነው። የመታ ልጅ በነጋታው ይመለሳል።»

ሽማግሌው ተነሡና ባለ መዘውሩን ቀስት ራሳቸው መልሰው ሰቀሉት። በዚያ ቀን የሸጥኩላቸው አንድ ቁራጭ ቆዳ ብቻ ነው። ቀስቱን ከቀጭን ቀርከሃ ራሳቸው ጠርበው ሠሩት።

ቅዳሜ ጠዋት ላደንና እኔ ወደ አጋይ ቤት ሄደን አየን። አጋይ ናዶ ጆንያውን አሥራ አምስት እርምጃ ላይ ተክለውት ነበር፤ ላደን አምስት እርምጃ ወደ ልጁ አቀረበችው። ኪንሊ ቀስቱን እያየ ከቤቱ ግድግዳ አልላቀቅ አለ። ያን ጊዜ ሽማግሌው እጅጌያቸውን ሰብስበው በክንዳቸው ላይ ያለውን የጅማት ሰንበር አሳዩት።

«እኔም ተገርፌያለሁ። ያንተን አሳየኝ።»

ልጁ አመነታ፤ ከዚያ እጅጌውን ሰበሰበ። አጋይ የቆዳውን መከላከያ በበለዘው ክንድ ላይ በቀስታ አሰሩለት። የመጀመሪያው ፍላጻ ሣር ውስጥ ገባ፤ ማንም አልተረበም። ሦስተኛው ጆንያውን መታ። አጋይ ናዶ በሰባ ዓመት ጉልበታቸው የሩቁ ዒላማ ሲመታ የሚጨፈረውን ጭፈራ ብቻቸውን ጨፈሩለት።

«አጋይ፣ ነገም እንወረውራለን?» አለ ኪንሊ። ሽማግሌው ፍላጻውን ከጆንያው ሥር አንሥተው በእጁ አስያዙትና፣ «ነገም» አሉት።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ከዚያ ጆንያ ፊት አሥራ ስድስት ልጆች ይሰለፋሉ። ክንዳቸው አይበልዝም፣ ትከሻቸው አይጎዳም፣ ጀምሮ የተወም የለም። እኔም ስለ ልጁ ዕድሜና የክንዱ ርዝመት ሳልጠይቅ አልሸጥም። አልፎ አልፎ ግን አንድ አባት ትልቁን ቀስት ይዞ «ግድ የለም፣ ያድግበታል» ይለኛል። አልከራከረውም። ሁለት ቀስት አንድ ላይ አስሬ በእጁ አስይዘውና፣ «እስቲ ይሳቡት» እለዋለሁ።